የውጭ ቢራ፣ ክራፍት ወይስ ቤት የተጠመቀ? የቱን ከየቱ

አሜሪካ ውስጥ ሊከር ስቶር ገብቶ ቢራ መምረጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ግድግዳው ሙሉ የክራፍት፣ ማለትም የትንንሽ ጠማቂዎች፣ ጣሳ ነው። ግማሹ ላይ አጽም ተስሏል፣ ግማሹ ላይ ድመት፣ ስሙም የቢራ ይሁን የሙዚቃ ባንድ አይለይም። አብዛኛው ሐበሻ ታዲያ የሚያውቃትን ሃይኒከን ወይ ኮሮና ብድግ አድርጎ ይወጣል። አይፈረድበትም። ግን በዚያው ገንዘብ በጣም የተሻለ ነገር መጠጣት ይቻላል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። «ኢምፖርትድ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ለእኔ ምንም አይደለም። መጀመሪያ የማየው የታሸገበትን ቀን ነው፣ ቀጥሎ የቢራውን ዓይነት። ዓመታት ቢቀመጥ የሚያምርበት ቢራ አለ፤ ሦስት ወር ሲሞላው ጣዕሙ ተኖ የሚያልቅም አለ። ሁለቱ ግን አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንዳንዴም በተቀራራቢ ዋጋ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።

ቢጫው ቢራ

በጊዮርጊስ፣ በሐረር፣ በበደሌ ያደገ ምላስ የሚያውቀው ላገር ነው። ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ በደንብ ቀዝቅዞ የሚጠጣ። የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ፒልስነር ኡርክዌል ነው። በ1842 ዛሬ ቼክ ውስጥ ባለችው ፒልሰን ከተማ ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባቫሪያ ጠማቂ ሠራው፤ ዛሬ በየአገሩ የሚጠጣው ቢጫ ላገር በአብዛኛው የእሱ ዘር ነው። አልኮሉ 4.4 በመቶ ብቻ ቢሆንም ጣዕሙ ሙሉ ነው። መጀመሪያ የዳቦ ጠረን ያለው ብቅል ይመጣል፣ ከዚያ ሳዝ የሚባለው የቼክ ሆፕ (ለቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራ ተክል) ምረት ይከተላል። ሃይኒከን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ መረረኝ ሊል ይችላል። ሁለተኛውን ይጠጣ።

የአሜሪካው ተቀናቃኝ ፔንሲልቬኒያ የሚጠመቀው ቪክትሪ ፕሪማ ፒልስ ነው፣ 5.3 በመቶ። ይሄኛው ደረቅ ይላል፣ የሆፑም ሽታ ጎላ ያለ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን ሰዎች የጎረቤት ቢራ ስለሆነ ትኩሱን ማግኘት ቀላል ነው። ብቅል ብቅል እንዲል ከፈለጋችሁ የቼኩን፣ ጥም ቆራጭ ከፈለጋችሁ ፕሪማን ውሰዱ። እኔ የቼኩን በጣሳ እስካገኘሁት ድረስ ወደ እሱ አደላለሁ።

ጣሳ ያልኩት በምክንያት ነው። ሆፕ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ብርሃን ሲመታው ይበላሽና ስካንክ የሚባለው እንስሳ የሚለቀውን ዓይነት ክፉ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል። አረንጓዴው ብዙም አይከላከልም፣ ነጩማ ጭራሽ። ሃይኒከን በአረንጓዴ ነው የሚታሸገው፣ ኮሮና በነጭ። «ሃይኒከን እኮ ሽታው እንዲህ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሱቁ መብራት ነው። ያንኑ ሃይኒከን በጣሳ ሞክሩትና ፍረዱ።

ጊዮርጊስስ? ከ1922 ጀምሮ ያለ ቢራ ነው፣ እዚህም ሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይገኛል፣ ክትፎ ቀርቦ ሌላ ቢራ ማዘዝ ለእኔም ይከብደኛል። ለናፍቆቱ አንድ ሁለት መጠጣት ጥሩ ነው። በሳጥን ገዝታችሁ ቤት ከማከማቸታችሁ በፊት ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ቀለል ያለ ላገር ረጅም መንገድና ሞቃት መጋዘን አይወድም፤ ሲያረጅ የራሰ ካርቶን ጣዕም ያመጣል።

የስንዴው ቢራ

«ቢራ መራራ ነው፣ አልወድም» ለሚል ሰው የምገዛለት ይሄን ነው። ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው የቤልጅየሞቹ ነው። ከውጭ ሁጋርደን፣ ከአሜሪካ ደግሞ ከሜን ግዛት አላጋሽ ዋይት። ሁለቱም ያልተጣሩ፣ ደፍረስ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም ውስጥ ድምብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባል። ይህ አጠማመቅ ሁጋርደን መንደር ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ በ1966 መልሶ ያስነሳው ፒየር ሴሊስ የሚባል ሰው ነው። አላጋሽ በ1995 ፖርትላንድ ከተማ ሥራ የጀመረው ይህንኑ ዓይነት ይዞ ነው። ሁጋርደን 4.9፣ አላጋሽ 5.2 በመቶ። እዚህ ላይ አላመነታም፣ አላጋሽን ግዙ። ሁጋርደን ጣፈጥ፣ ሳሳ ይልብኛል፣ አላጋሽ ግን ቅመሙም ስንዴውም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። በዚህ ዙር የውጪው ተሸንፏል።

ሁለተኛው የጀርመኖቹ ነው፤ ቫይንሽቴፋነር ወይም ፓውላነር። እነዚህ ውስጥ ቅመም የሚባል ነገር አይገባም። ግን ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታሉ፤ ሁለቱንም የሚያመጣው እርሾው ነው። ቫይንሽቴፋነር 5.4 በመቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚጠመቁ መሰሎቹን ቀምሼ እዚህ የሚደርስ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ከውጭ የመጣውን ግዙ። ስትቀዱት ሙሉውን አትገልብጡ። ትንሽ አስቀሩና ጠርሙሱን አሽከርክራችሁ ከታች የተኛውን እርሾ አንሱት፣ ከዚያ ብርጭቆው ላይ ጨምሩት።

ለሐበሻ ማዕድ ከዚህ የተሻለ ቢራ አላውቅም። የዶሮ ወጡ በርበሬ ሲያቃጥል የስንዴ ቢራ ያበርዳል፣ አይፒኤ (ሆፕ የበዛበት መራራ ቢራ) ደግሞ በምረቱ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ከቀይ ወጥ ጋር አይፒኤ ከፍታችሁ «ክራፍት አይመቸኝም» ካላችሁ ቢራው ምን ያድርግ?

አዲስ አበባ ስትሄዱም ያልተጣራ ቢራ አይጠፋም። ቦሌ አካባቢ ያለው ቢር ጋርደን ኢን በጀርመን አጠማመቅ እዚያው ግቢው ውስጥ የሚጠምቃቸው ብሎንዲና ኤቦኒ አሉ። ብሎንዲ ቢጫው ነው፣ ኤቦኒ ጠቆር ያለው። ሁልጊዜ ጃምቦ ብቻ ለሚያዝ ሰው ጥሩ ለውጥ ነው።

አይፒኤና ፔል ኤል

እዚህ ጋ ውድድርም የለም፣ የአሜሪካውን ግዙ። የሆፕ ሽታ ቶሎ ይተናል፤ መርከብ ላይ ሳምንታት የቆየ አይፒኤ ምረቱ ቀርቶ ሽታው ሄዷል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል። 5.6 በመቶ ነው፣ ካስኬድ የሚባለው ሆፕ የግሬፕፍሩትና የጽድ ዓይነት ሽታ ይሰጠዋል። ከ1980 ጀምሮ ይጠመቃል፣ ዛሬም ዋጋው አይጎዳም፣ በየግሮሰሪው አለ። ብዙ ሰው አዲስ ነገር ሲያሳድድ ይሄን አልፎት ይሄዳል፣ አይገባኝም። ከፍ ማለት ስትፈልጉ የሚሺጋኑ ቤልስ ቱ ሃርትድ አለ፣ 7 በመቶ፣ ሴንቴኒያል በሚባል አንድ ሆፕ ብቻ የሚጠመቅ። ጭማቂ የመሰሉት ደፍራሳዎቹ «ሄዚ» አይፒኤዎች ደግሞ በጣም ትኩስ ካልሆኑ አይገዙም። ጣሳው ቂጥ ላይ የታሸገበት ቀን ይጻፋል፤ ሁለት ወር ካለፈው ወይም ሱቁ ከፍሪጅ ውጭ ካስቀመጠው እኔ እተወዋለሁ። ቀን የሌለውንም እተወዋለሁ።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር። ትልቁ የአሜሪካ ጣሳ 473 ሚሊ ሊትር ነው። 7 በመቶ ከሆነ ውስጡ 33 ሚሊ ንጹሕ አልኮል አለ። የለመድነው 330 ሚሊ ጠርሙስ በ5 በመቶ 16.5 ሚሊ ነው የሚይዘው። «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ያለ ሰው ሁለት ጠጥቷል ማለት ነው። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ይሄን አስልቶ ይክፈት።

ጥቁሩ

ጊነስ ድራፍት ከባድ ይመስላል እንጂ 4.2 በመቶ ነው፣ ከብዙ ቢጫ ቢራ ይቀላል። ያ ወፍራም አረፋ የሚመጣው ከናይትሮጅን ነው፤ ጣሳው ውስጥ የምትንኳኳው ትንሽ ኳስ ሥራዋ ይሄው ነው። ሐኪም ስታውትን ለምዶ ጠንከር ያለ የሚፈልግ ሰው ግን ይሄ ውሃ ውሃ ሊልበት ይችላልና ጊነስ ፎሪን ኤክስትራ ስታውትን ይፈልግ። 7.5 በመቶ ነው፣ ድሮም ረጅም የባሕር ጉዞ እንዲችል ሆፑም አልኮሉም ከፍ ተደርጎ የተሠራ። ከአሜሪካ በኩል የኮሎራዶው ሌፍት ሃንድ ሚልክ ስታውት አለ፣ የወተት ስኳር ስለሚገባበት ለስለስ ጣፈጥ ይላል። ወተት የማይስማማው ሰው ይለፈው።

የመነኮሳቱ

ሺሜ ብሉ 9 በመቶ፣ ዌስትማለ ትሪፕል 9.5፣ ኦርቫል 6.2። ሦስቱም የቤልጅየም ገዳማት ቢራዎች ናቸው፣ ጠርሙሱ ውስጥ በእርሾ እንደገና ይፈላሉ፣ ስለዚህ መንገዱ አይጎዳቸውም። ሺሜ ብሉ ጨለማ ቦታ ለዓመታት ተቀምጦ ይበስላል። ኦርቫል በየወሩ ሌላ ቢራ ይሆናል፤ ትኩሱ የሆፕ ሽታ አለው፣ የቆየው ደረቅ፣ ትንሽ የበረት ጠረን ያለው ነው፣ ሁሉም ሰው አይወደውም። ዋጋቸው ያስደነግጣል። ግን ለበዓል ጠጅ በሌለበት ቤት አንድ ትልቅ ሺሜ ለሁለት ሰው ከወይን ይሻላል። በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙት።

ቤት መጥመቅ

ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነ ተዉት። ዕቃው ይገዛል፣ ብቅሉ ይገዛል፣ ከዚያ አመሉ ሲይዛችሁ ሌላ ዕቃ ይገዛል። የሚያዋጣው ትኩስ ቢራ፣ በፈለጋችሁት ልክ፣ በገዛ እጃችሁ ለመጠጣት ከሆነ ነው። ሕጉ አያስጨንቃችሁ። ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ለቤት የሚሆን ቢራ ያለ ግብር መጥመቅ ተፈቅዷል። አንድ ዐዋቂ ላለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ እስከ 200 ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን አይቻልም፣ ጠላም ቢሆን።

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ከሌላው ጀማሪ ይቀድማል። ብቅልም ጥንስስም ያውቃል። እዚህ በጌሾ ፋንታ ሆፕ ይገባል፣ ጋኑን በወይራ ከማጠን ይልቅ ዕቃው ሁሉ ስታር ሳን በሚባል ፀረ ጀርም ይነከራል፣ እርሾው በፓኬት ይገዛል። የብቅሉ ውሃ ከሆፑ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ቢራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያልጸዳ ዕቃ ሲነካው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኪት፣ ማለትም ለመጥመቅ የሚያስፈልገው አንድ ላይ የተዘጋጀበት ጥቅል፣ አለ። አንደኛው ብቅሉ አስቀድሞ ተጣርቶ ወፍሮ እንደ ማር የታሸገበት ነው። ሁለተኛው እህሉን ራሳችሁ በ65 እና በ68 ዲግሪ መካከል አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ የምታጠሉት። ሁለተኛው ነፃነቱ ይበልጣል፣ ግን ቅዳሜን ሙሉ ይበላል፣ ትልልቅ ዕቃም ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታሸገውን ግዙ። ስለ መጠኑም እንዲሁ። የአንድ ጋሎን ኪት ርካሽ ነው፣ የሚወጣው ግን አሥር ጠርሙስ አካባቢ ነው። የአምስት ጋሎኑ ሃምሳ ገደማ ይሰጣል፣ ድካሙም ያው ነው። የማኅበር ድስት ያለበት ቤት አምስት ጋሎኑን ይግዛ፣ ማፍያ መግዛትም ይቀርለታል። የብርጭቆ ደምጃን አትግዙ፤ ይከብዳል፣ ሲሰበርም አደጋ ነው። የፕላስቲክ ባልዲ በቂ ነው።

ምን ልጥመቅ? ጊዮርጊስን የመሰለ ላገር ብላችሁ አትጀምሩ። ላገር በተለምዶ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለሳምንታት መቆየት ይፈልጋል፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ፍሪጅ ያስገዛችኋል። የስንዴ ቢራ ወይም ፔል ኤል ጥመቁ። ሴፍኤል ዩኤስ 05 የሚባለው ደረቅ እርሾ ቤት ውስጥ 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ያለ ጣጣ ይሠራል። ባልዲው ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ጠርሙስ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት።

ከመታሸጉ በፊት ጋዝ እንዲፈጥር ስኳር ይጨመራል፤ ለአምስት ጋሎን 115 ግራም ያህል፣ በሚዛን። በዓይን ገምታችሁ ካበዛችሁ ወይም ባልዲው ውስጥ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ካሸጋችሁ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው ኪት ውስጥ ሃይድሮሜትር (በቢራው ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚያሳይ መለኪያ) መኖሩን ማረጋገጥ ያለባችሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን እየለካችሁ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ብቻ ነው የሚታሸገው። ባዶ ጠርሙስ አትግዙ። በቆርኪ የሚዘጋ ቡናማ ጠርሙስ እያጠባችሁ አጠራቅሙ። በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን የነበረውን ግን ጣሉት፣ ቆርኪው አጥብቆ አይይዘውም።