ሰሊጥ አጭጄ ዕዳ ይዤ ተመለስኩ

ይህን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ የት እንደገባ ታች ትደርሱበታላችሁ። ትናንት ማታ ነው ጎንደር የገባሁት። እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ስለዚህ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው። የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ለሰሊጥ አጨዳ ሰው የሚመለምለውን ደላላ ልገልጽላችሁ አልደክምም፣ ታውቁታላችሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ «ሰሊጥ! ሰሊጥ! መተማ ዛሬ ወጪ!» የሚለው ነው። ከየት እንደመጣህ ሳይጠይቅህ «ያገሬ ልጅ» ይልሃል። ከደብረ ታቦር ነኝ ካልከው የእናቱ አገር ነው፤ ከእስቴ ብትለውም የእናቱ አገር ነው። የቀን ሂሳብ 600 ብር፣ ምግብ ከባለሀብቱ፣ ትራንስፖርት ከባለሀብቱ፣ ካምፑ ጥላ ያለው፣ ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ «እንደ አባት የሚያይ ሰው»። ለእሱ ለራሱ ደግሞ በሰው 500 ብር «ለምዝገባ»። ምዝገባው እጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ነው። እውነቴን ነው፣ ስማችንን መዳፉ ላይ ጻፈው። ያን ጊዜ ነበር ዞር ብሎ መሄድ።

እኔ እኮ አካውንቲንግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ ይዤ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ደላላ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ ስንቱ እየሄደ ስንቱ ከስቶ እንደተመለሰ አይቻለሁ። ግን እነሱ ስላልተማሩ ነው የተበሉት፣ እኔን ማንም በሂሳብ አያታልለኝም ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ ብዬ ማሰቤ ነው አሁን ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ።

ይባስ ብሎ ብቻዬን አልሄድኩም። የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። 16 ዓመቱ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ ነው። አክስቴ ልጇን ስትሰጠኝ «አደራህን፣ አንተ የተማርክ ነህ» አለችኝ። ደላላው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ሲጠይቁህ 18 በል» አለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

መንገዱን አሳጥረዋለሁ። አይሱዙ ጭነት ላይ እንደ ጆንያ ተደርድረን በአዘዞ፣ በአይከል አድርገን ገንዳ ውሃ ገባን፤ ከዚያ ኮኪትን ካለፍን በኋላ ደግሞ በትራክተር ተሳቢ ወደ ውስጥ። ስልክ መረብ ሲጠፋብኝ አንድ ነገር ልቤን ሸረፍ አደረገኝ፣ ግን ዝም አልኩ። ካምፑ የተባለው አራት እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ካቦው ገና ከተሳቢው ሳንወርድ «መታወቂያ!» አለ። ሁሉም እያወጣ ሰጠ፣ እኔም ሰጠሁ። ልጁ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌለው የተማሪ መታወቂያውን ሰጠ። ክፍሉና ዕድሜው ተጽፎበታል። ካቦው አነበበው፣ ከሌሎቹ ጋር ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ ምንም አላለም።

ሰሊጥ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ አገዳው ሲቆረጥ እጅ ላይ ዝልግልግ ነገር ይቀራል፣ ከአቧራው ጋር ሆኖ መዳፍህን ሬንጅ ያስመስለዋል፣ በሳሙናም አይለቅም። ትቆርጣለህ፣ ነዶ ታስራለህ፣ ነዶዎቹን ራስ ለራስ አደጋግፈህ ታቆማቸዋለህ፤ ያ ነው ሂላ የሚሉት። እዚያ ቆሞ ደርቆ ነው የሚራገፈው። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ትንሽ ከዘገየህ ቆባው ይከፈትና ምርቱ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለሀብቱ በእነዚያ ሳምንታት ሰው ካጣ አለቀለት። ሳሉጉም፣ ማለትም እንደ እኛ ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ይህን ያውቃል፤ አጠገብ ያለው እርሻ 100 ብር ከጨመረ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። መታወቂያ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ያኔ መታወቂያዬ ፌስታል ውስጥ ነው፣ መረብ የለም፣ መንገዱም እገታ እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካቦው አጥር አላስፈለገውም። «መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ መንገድ ላይ ማን እንደሚያገኘው ግን እኔን አትጠይቁኝ» ይለን ነበር ማታ ማታ፣ እየሳቀ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ጀንበር እስክትጠልቅ 19 ቀን ሠራን። ምግቡ የማሽላ ቂጣና ውሃ የበዛበት ሽሮ ነው። ውሃው ከበርሜል ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ልጁ በአምስተኛው ቀን ጣቱን ቆረጠው፣ በጨርቅ አስሮ ቀጠለ። እኔ ማታ ማታ ስንት ቀን እንደሠራን በአእምሮዬ እቆጥራለሁ። በአእምሮዬ! ደብተር እንኳን አልያዝኩም፣ አካውንታንቱ።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልምጣ።

ሂሳብ ተብለን ግራሩ ሥር ተሰበሰብን። ካቦው ጀሪካን ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ባለ መስመር ደብተር አለ፣ ጫፉ በዘይት የረጠበ። ስም እየጠራ ነው። ከፊቴ የነበረው ሠራተኛ የተሰጠውን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠረና ምንም ሳይል ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ነው የሄደው፣ ያኔ ሆዴ ፈራ።

የእኔና የልጁን አንድ ላይ አደረገው። «19 ቀን» አልኩት ቀድሜ። «11» አለኝ ቀና ሳይል። ሙሉ ቀን የሚባለው የተባለውን ያህል ሂላ ያቆምክበት ቀን ብቻ ነው አለኝ፤ ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔ 11 ቀን በ600፣ 6,600። ልጁስ? «እሱ ግማሽ ሰው ነው» አለ፣ 11 ቀን በ300፣ 3,300። ድምሩ 9,900። ግማሽ ሰው ሲለው ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነው፣ በታሰረው ጣቱ ሱሪውን እየቆነጠረ።

ከዚያ ገጹን ገለጠው። ምግብ፣ 19 ቀን፣ በቀን 150፣ ለሁለት ሰው 5,700። ምግብ ስንበላ 19 ቀን ነው፣ ስንሠራ 11 ቀን፣ ልብ በሉልኝ። ትራንስፖርት 1,600። ማጭድ ሁለት፣ 500። የወባ ክኒን 300። ከዚያ «ሰው ማምጫ» የሚል መስመር አለ፣ 3,000 ብር። ይሄ ምንድን ነው አልኩት።

«ላንተና ለልጁ ለደላላው የከፈልነው ነዋ። 1,500፣ 1,500።»

እኔኮ ከኪሴ 1,000 ብር ከፍዬዋለሁ አልኩት። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሕፃን ነው ያየኝ። «ለምን ከፈልከው?» አለኝ። ዙሪያውን ያሉት ሳቁ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተሩን ከፈተና ወደ እኔ ዘረጋው። «ዲግሪ አለኝ ስትል ሰምቼሃለሁ። እንካ፣ ደምረው።»

ደመርኩት። ወገኖቼ፣ ደመርኩት። ስልኩን ተቀብዬ በዚያ በጠቆረ እጄ አንድ በአንድ አስገባሁት። 11,100 መጣ። ከ9,900 ሲቀነስ 1,200 ብር ባለዕዳ ነኝ። ሂሳቡ ትክክል ነበር! አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። «ትክክል ነው?» አለኝ። እኔም «ትክክል ነው» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። በክፍል ውስጥ ደመወዝ ሲሠራ ከሠራተኛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደሌለበት ተምሬ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። እዚያ ግራር ሥር አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

ዕዳውን ሳትከፍል መታወቂያ የለም አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ውለታ ሊውልልኝ፣ ሌላ መንገድ አለ አለኝ። ልጁን ስጠኝ አለ። ከገላባት ማዶ ገዳሪፍ አካባቢ የሚያውቀው ሰው አለ፣ እዚያ ደግሞ ገና ሰው ይፈልጋሉ፣ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ዕዳችሁን ዘግቶ ይመለሳል። ሱዳን! ጦርነት ላይ ያለች አገር፣ 16 ዓመት ልጅ፣ ያለ መታወቂያ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እሄዳለሁ፣ አንተ ወደ ቤት ተመለስ» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ መስሎታል፣ ግማሽ ሰው ስለሆነ።

ስልኬን አወጣሁ። 9,000 ብር የገዛሁት ነው። ማን ይገዛዋል ብዬ ዞር ዞር ስል ካቦው ራሱ 2,500 አለኝ። 1,200ውን ቆርጦ 1,300 ሰጠኝ። ሰባብሮ ነው የሰጠኝ፣ የአሥር ብር ኖት ሳይቀር። ከዚያ ከፌስታሉ ውስጥ መታወቂያዎቹን እንደ ካርታ በውዞ የእኛን አወጣና መሬት ላይ ጣለልን። ጎንበስ ብዬ አነሳሁ።

1,300ዋ ጎንደር ሳንገባ አለቀች። ገንዳ ውሃ ላይ አንድ ቢሮ ገብቼ አቤት ብዬ ነበር። ሰውዬው ሻዩን እያማሰለ «የሥራ ውል አለህ?» አለኝ። የለኝም። «የእርሻው ባለቤት ስም?» አላውቅም። 19 ቀን የሠራሁበትን ሰው ስም አላውቅም። «እና ምን ላድርግልህ ወንድሜ?» አለኝ። ምን ልበለው። ሕግ እኮ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን አታሎ መልምሎ ጉልበቱን መበዝበዝ የሰው መነገድ ነው ይላል፣ በዕዳ ይዞ ማሠራትም እዚያው ውስጥ ነው። በሕፃን ላይ ከሆነ ደግሞ «ራሱ ተስማምቷል» ማለት አያዋጣም። ይህንን ያነበብኩት ግን ዛሬ ሌሊት ነው፣ በእህቴ ስልክ።

ደላላው ላይ ደወልኩ፣ በዚሁ ስልክ። አነሳ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው «የትኛው? የደብረ ታቦሩ?» አለኝ፣ ከዚያ «ያገሬ ልጅ፣ እኔ እኮ ሥራ አገናኘሁህ፣ ሥራውን አልሠራህም?» ብሎ ዘጋው። ድጋሚ ስደውል ዝግ ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች፣ አትሂዱ ማለት አልችልም፣ ቤት ምን እንዳለ አውቃለሁ። ለደላላ ከኪሳችሁ አትክፈሉ፤ ሥራ ፈላጊ ማስከፈል ክልክል ነው። መታወቂያ አትስጡ፣ ግድ ከሆነ ፎቶ ይበቃል። ቀኑንና ሂላውን በራሳችሁ ደብተር በየማታው ጻፉ፣ ካቦው ይፈርምበት። የባለሀብቱን ስም ሳታውቁ ተሳቢ ላይ አትውጡ። ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። አጎበር ያዙ፤ ጥቁር አፈሩ ስንጥቅና ግራሩ ሥር ያለችው የአሸዋ ዝንብ ካላዛር የሚባል በሽታ ታስይዛለች። ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት አልለቅ ካላችሁና ግራ ጎናችሁ ካበጠ «መተማ ነበርኩ» ብላችሁ ለሐኪም ንገሩ፣ ካልነገራችሁት ወባ ብቻ ብሎ ይሸኛችኋል።

ለአክስቴ ገና አልደወልኩም። ልጁ እዚህ አጠገቤ ተኝቷል፣ ከንጋት ጀምሮ ብርድ ብርድ አለኝ እያለ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለታለሁ። ጤና ጣቢያው ሲከፈት ይዤው እሄዳለሁ። ለካርድ የሚሆን ከእህቴ ተበድሬያለሁ።