ደብረ ብርሃን የተሰፋችው የክሪኬት ኳስ

ኳሷን የሰፉልኝ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ኮርቻና ልጓም የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ኳስ ተወርውሮ በዱላ በሚመታበት በክሪኬት ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ስለነበረው ስለ ክሌመንት ጊብሰን ለተማሪዎቼ ስናገር ባዶ እጄን መቆም ሰልችቶኝ ነበር።

ሥራቸውን ሳየው ልቤ ረካ። የለፋ የበሬ ቆዳ፣ ሰም የጠጣ ክር፣ ከውስጥ በገመድ የተጠቀለለ ቡሽ። ወስፌውን ሲያስገቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። የተጣላነው በስፌቱ ነው። ለገና ጨዋታ ሩር ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ስፌቱን ወደ ውስጥ ቀበሩት። «መምህር፣ ስፌት ከወጣ ቶሎ ይበላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የክሪኬት ኳስ ግን ስፌቱ ጎልቶ መውጣት አለበት። ያንን ለማስረዳት ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጬ የጊብሰንን ታሪክ አወራኋቸው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ቦነስ አይረስ የተወለደ፣ ካምብሪጅ የተማረ ልጅ ነው። በ1921 የአውስትራሊያ ቡድን እንግሊዝን ሲዞር ማንም አላሸነፈውም ነበር። በእንግሊዟ ኢስትቦርን ከተማ አርቺ ማክላረን ያሰባሰበው ቡድን ገጠመው፤ የማክላረን ቡድን በመጀመሪያው ዙር በ43 ነጥብ ብቻ አለቀ። ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለ። በሁለተኛው ዙር ግን ከዚሁ ቡድን ኦብሪ ፎክነር 153 ነጥብ አስቆጠረ፤ አውስትራሊያ ለማሸነፍ 196 ቀረው። ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን የጀመረው ጊብሰን ለማክላረን ቡድን ኳሷን ያዘ፤ 64 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ስድስት መቺ ከጨዋታ አስወጣ። አውስትራሊያ በ167 ወደቀ፤ በ28 ነጥብ ተሸነፈ። ኳስ ስፌቱ ላይ ስታርፍ ትታጠፋለች፤ መቺው ይህን ካላወቀ ያልቅለታል። በ1932 ደግሞ ይኸው ሰው የደቡብ አሜሪካን ቡድን እየመራ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ኳሷን ከእጄ ወስደው ስፌቷን ፈቱት።

ሁለተኛዋ የመጣችው ከቀጠሮው አሥር ቀን ዘግይታ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በወርቅ ቤት ሚዛን 171 ግራም መዘነች፤ ደንቡ ከ156 እስከ 163 ግራም ስለሚል ከብዳለች። ስፌቱ ግን በጣት ሲዳሰስ እንደ ትንሽ ሸንተረር ቆሟል፤ ክሩም አንድ ቦታ እንኳ አልዘለለም። ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ ሜዳ ላይ ወረወርኳት። ሦስተኛዋ ውርወራ ስፌቷ ላይ አርፋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ዱላ የያዘው ተማሪዬ አየሩን መታ፤ መቺው እንዳይመታበት የሚጠብቀው የኋላው እንጨትም ወደቀ። ልጆቹ «ጊብሰን! ጊብሰን!» እያሉ ጮኹ።

850 ብር ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም። ዝናብ ላይ ግን አታውሏት፤ ቆዳው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። የምታዝዙ ከሆነ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቡሹንም ትንሽ ያሳንሱት። እኔ ሁለት ጨምሬ አዝዣለሁ።