ታብሌት ወይስ ኪንድል? ለጅማ አንባቢ

አንድ ጓደኛዬ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለው። «ታብሌት ላስመጣ ወይስ ኪንድል?» አለኝ። ኪንድል ስክሪኑ ወረቀት የሚመስል፣ የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ ነው። እኔም መልሼ ጠየቅኩት፦ የምታነበው ምንድን ነው?

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ የምናነብ ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ያለው ፒዲኤፍ ነው፤ ያውም ከወረቀት ስካን የተደረገ። ስካን ማለት ፎቶ ነው። ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማተለቅ አይቻልም። የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የ6 ኢንች ኪንድል ስክሪን ግን 9 ገደማ። ፊደሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። «ቸ»ን ከ«ች» ለመለየት ዓይን ማጨንቆር ነው። በ10 ኢንች ታብሌት ላይ ወርዱ 13 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይደርሳል፤ በሁለት ጣት ስትለጥጡትም ቶሎ ይታዘዛል። ኪንድል ላይ ማጉላት ትዕግሥት ይፈትናል።

የእንግሊዝኛ ልቦለድ በኢ-መጽሐፍ ፋይል (በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ) ለሚያነብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፊደሉን ስታተልቁት መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ከ70,000 በላይ ነጻ መጻሕፍት አሉ። የኪንድል ስክሪን መብራት የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ይቆያል። ጅማ ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ቀትር ላይ አዌቱ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላችሁ ታብሌት ብትከፍቱ የሚታያችሁ የራሳችሁ ፊት ነው።

ስልክ? ለአጭር ጽሑፍ ይበቃል። ለመጽሐፍ አልመክርም፤ በየመሐሉ ቴሌግራም ይጠራችኋል።

ያገለገለ ኪንድል የምትገዙ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የአማዞን አካውንቱን ከኪንድሉ ማውጣቱን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ። እኔ ሳላይ ገዝቼ ሻጩን ፍለጋ ሦስት ቀን ዞሬያለሁ። አንድ የአማርኛ ኢ-መጽሐፍም እዚያው ክፈቱበት። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንት የለውም ማለት ነው።

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምትገዙ ግን ሁለቱንም እርሱት። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ክፍል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኪዊክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም መጫን ይሻላል። አንዴ ውክፔዲያን ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በዋይፋይ ለአንባቢው ስልክም ያዳርሳል።

ጓደኛዬ የሚያነበው ስካን የተደረገ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ታብሌት አዘዘ። ሽፋኑን እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ።