ደብረ ብርሃን ላላችሁ፦ የባልትና መምህርታችንን እወቁልኝ

ስማቸውን አልጽፍም። ፎቷቸውንም አለጥፍም፤ አይወዱም። በእኔ ዕድሜ ደብረ ብርሃን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የተማረች ሴት ግን ማንን እንደምል ከወዲሁ ገብቷታል። እናመሰግናለን ማለት ፈልጌ ነው የምጽፈው። ደግሞም ጡረታ ወጡ እንጂ ማስተማር እንዳላቆሙ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሄዳችሁ ተጠቀሙባቸው።

ባልትና ሲባል ለብዙ ሰው ወጥ መሥራት ይመስለዋል። ወጥማ እናቶቻችንም ያስተምሩናል። እሳቸው የሚነግሩን ምክንያቱን ነበር። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ብታነዱበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ሽምብራው አልበስል ሲል እንጨት አትጨምሩ፣ ከማታው ዘፍዝፉት ይሉናል። ይቺን ነገር ከፊዚክስ አስተማሪያችን በፊት የሰማኋት ከእሳቸው ነው።

የከሰል ነገር ደግሞ አለ። የኅዳርና የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያውቅ ሰው፣ ማንደጃ ለምን መኝታ ቤት እንደሚገባ አይጠፋውም። ደህና የተቀጣጠለ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት ያለው አይመስልም። እሳቸው "ክፋቱ አለመታየቱ ነው" ይላሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ብርዱ ሲጠና አራስ ያለችበት ቤት ሁሉ ይዞራሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ይገባሉ፣ ማንደጃውን በገዛ እጃቸው ደጅ ያወጣሉ፣ ከዚያ ነው ቁጭ የሚሉት። የተቀየማቸው ሰው አለ። እሳቸውም በማግስቱ ተመልሰው ያያሉ።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ባልትና ከክፍል ፕሮግራማችን ጠፋ። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቅረት አልነበረበትም፤ ይልቅ ወንዶቹም መማር ነበረባቸው። እሳቸውን ሌላ ትምህርት እንዲያስተምሩ መደቧቸው። ባልትናውን ግን ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያቸው ውስጥ ቀጠሉበት፤ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም።

ቅዳሜ ከሚመጡት ብዙዎቹ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ምን ይብላ? መልሱ ከጓዳ አይወጣም። ሦስት እጅ የተፈተገ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ ተቆልቶ አብሮ ይፈጫል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ከሆነ ያጠገባችሁት በውሃ ነው ይላሉ። ወፍራም ሲሆን ደግሞ ሕፃኑ ለመዋጥ ይቸገራል። እዚህ ላይ ነው ብቅል የሚመጣው። ጠላ ጠማቂ አገር ሆነን ብቅል ለልጅ ምግብ እንደሚሆን ማን ነገረን? ገንፎው ትንሽ በረድ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ጣል አድርጎ ማማሰል ነው፤ ውሃ ሳይጨመር ይላላል። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ማፍላት። እንዲህ ሲሆን በትንሽ ሆዱ ብዙ እህል ይገባል። ብቅሉ ግን ለጠላ ከተቀመጠው እንዲወሰድ አይፈቅዱም፤ ለብቻው፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ የደረቀና ሻጋታ ያልነካው መሆን አለበት። እንቁላል ካለ ይጨመራል፣ ቅቤ ወይም ዘይትም ጠብ ይደረግበታል።

ለኔ ትልቁ ውለታቸው ግን ሂሳቡ ነው። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ለመሸጥ ያሰበች ሴት እሳቸው ጋ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው ደብተር ነው። ዛላው በኪሎ ስንት ተገዛ? ተቀንጥሶና ደርቆ ስንት ኪሎ ቀረ? ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ላስቲኩ፣ የባጃጁ? ይህን ሁሉ ከጻፈች በኋላ "የራስሽ ጉልበትስ የታለ?" ይሏታል። ብዙዎቻችን ጉልበታችንን በነፃ ነው የምንሸጠው፣ እንደ ወጪም አንቆጥረውም። የኔ ሱቅ የተከፈተው በዚያ ደብተር ነው፤ ዛሬም ዋጋ የማወጣው በእሱ ነው። ጥራት ላይም ቀልድ የለም። ሻጋታ የነካው በርበሬ ቢታመስም ቢፈጭም መርዙ አይለቅም፣ ይጣላል። ሽሮ ውስጥ ጓያ ቀላቅላ የምታረክስ ካለች ሁለተኛ በራቸውን አታንኳኳ፤ ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚያሽመደምድ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ጥቆማ ካልኩ እውነቱን ልናገር። ምላሳቸው ስለታም ነው። ጥፍሯን ያሳደገች ሊጥ አትነካም፣ ያረፈደችም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ትጠብቃለች። የሠርግ ኬክ ማስጌጥ ለምትፈልጉ ሌላ ሰው ይሻላችኋል። ልጅ አልበላ ላላችሁ፣ የወር ደሞዝ ከሃያ በኋላ ለሚጠፋባችሁ፣ ባልትና ቤት ልትከፍቱ ላሰባችሁ፣ ብቻውን ለሚኖር ወንደላጤም ቢሆን ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም።

ገንዘብ አይቀበሉም፣ ለመስጠትም አትሞክሩ። የምትለማመዱበትን እህል ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኪሎ ገብስና ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ይበቃል። ሽርጥና ደብተር እንዳትረሱ። ቤታቸው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እትዬ፣ ይህን ልጆችዎ ካነበቡልዎት አይቆጡኝ፤ ስምዎን አልጠራሁም።