በሐይቅ አካባቢ የውኃ ጉድጓድና የሴፕቲክ ታንክ ሥራ፦ የአንድ ቆፋሪ ቡድን አገልግሎት ሲመዘን

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ለወላጆቼ በተሠራው ቤት የውኃ ጉድጓዱንም ሆነ ሴፕቲክ ታንኩን (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን የመሬት ውስጥ ታንክ) አቅዶ የሠራው ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ አነስተኛ ቡድን ነው። በገጠር ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ ባያሠራ እመክራለሁ፤ የዚህ ቡድን ትልቁ ብቃትም አንዱንም ቁፋሮ ሳይጀምር ሁለቱን በአንድ ንድፍ ላይ ማስቀመጡ ነው።

አባቴ ጉድጓዱ ከማዕድ ቤቱ ጎን እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ያ ቦታ ግን የግቢው ዝቅተኛ ክፍል በመሆኑ የቡድኑ መሪ «አባባ፣ ፍሳሹ ከላይ፣ ውኃው ከታች ከሆነ ዞሮ የሚጠጣው እሱው ነው» ብሎ በአክብሮት አስረዳቸው። ስለዚህ ጉድጓዱ በላይኛው ጥግ፣ ታንኩና ማስረጊያው (ከታንኩ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ አፈር የሚሰርግበት ቦታ) በታችኛው በኩል ሆኑ፤ የከብቶቹም በረት ወደ ታች ወረደ። በጉድጓድና በማስረጊያ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር በተለምዶ ይመከራል። ቡድኑ ግን ከዚያ በላይ አራራቃቸው፤ ምክንያቱም የወሎ ደጋማ መሬት ከአፈሩ ሥር በአብዛኛው የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ፍሳሽ አንዴ ስንጥቅ ካገኘ በአፈር ሳይጣራ ርቆ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የማስረጊያውን ቦታ የመረጡበት መንገድ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፈሩ እስኪጠግብ ውኃ ደጋግመው ሞሉበት፤ ከዚያም ምልክት የተደረገበት እንጨት አቁመው ውኃው በምን ያህል ጊዜ ምን ያህል እንደሚወርድ መዘገቡ። መጀመሪያ የታሰበው ቦታ ዋልካ ስለነበረ ውኃው ከምልክቱ ብዙም ፈቀቅ ሳይል ዋለ። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ውኃ የሚውጥ ቢመስልም ክረምት ሲገባ አብጦ ይዘጋል፤ እዚያው ቢሠራ ኖሮ ፍሳሹ በሐምሌ ግቢው ላይ በወጣ ነበር። ማስረጊያው ጠጠር ወደበዛበት አፈር ተዛወረ።

የውኃውን ጉድጓድ በሰኔ መግቢያ መቆፈራቸውም ተገቢ ነበር። በክረምት ማግሥት የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ውኃ አሳይቶ፣ በተለይ በልግ ሳይዘንብ በቀረ ዓመት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሊነጥፍ ይችላል። የጉድጓዱ ግድግዳ የሆኑት የኮንክሪት ቀለበቶች መጋጠሚያ በላይኛው ክፍል በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ አፉ ከፍ ብሎ ዙሪያው ውኃ በሚያሸሽ ወለል ተለስኗል። ታንኩም ባለሁለት ክፍል ሲሆን የመጀመሪያው ከጠቅላላው መጠን ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል።

ቅሬታዬ ከውሉ ይጀምራል። ዋጋው በሜትር ሲቆረጥ ስለ አፈር እንጂ ስለ ድንጋይ አልተጻፈም ነበርና ቁፋሮው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅን። ድንጋይ መስበር ከባድ በመሆኑ ጥያቄው አግባብ ቢሆንም፣ ሁለቱ ዋጋዎች አስቀድመው ተለይተው መጻፍ ነበረባቸው።

ከዚህ የከበደው ጉድለት የውኃ ምርመራ ነው። ቡድኑ ጉድጓዱን በክሎሪን አክሞ ሥራውን እንደጨረሰ ቆጠረው። ክሎሪን ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውኃ የሚሟሙ ኬሚካሎችን፣ ፍሎራይድንም ሆነ ናይትሬትን፣ አያስወግድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ጣሪያ ፍሎራይድ 1.5፣ ናይትሬት 50 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን፣ እነዚህ በዓይንም በምላስም አይለዩም። ናሙናውን በራሳችን ወጪ ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት የሚደረግ ይህ ምርመራ የአገልግሎቱ አካል ሊሆን ይገባዋል።

የታንኩን ክዳን ደግሞ አፈር አልብሰውት ነበር። ታንክ ደለሉ በየጥቂት ዓመቱ መመጠጥ ስላለበት ክዳኑ መታየት፣ የመምጠጫው መኪናም አጠገቡ መድረስ አለበት። ስንነግራቸው ተመልሰው ክዳኑን ከመሬት በላይ አወጡት፤ ለዚህ ምንም አላስከፈሉንም።