የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ለምታስጠግኑ የድሬ ልጆች፣ እኛ የቀጠርነው አማካሪ እንዴት ነበር

ሳቢያን ያለው ማኅበራችን ጣሪያና የውጪ ግድግዳ ከማስጠገኑ በፊት አማካሪ ኢንጂነር ቀጥሮ ነበር፣ እንዴት ነው ገንዘቡ ይገባዋል ወይ የሚል ሰው ስለበዛ ልጻፍ ብዬ ነው። አዎ ይገባዋል፣ በጣም።

ከሱ በፊት የመጡት ኮንትራክተሮች ጣሪያው ላይ እንኳን ሳይወጡ ከታች አንጋጠው አይተው ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብለው ዋጋ ሰጥተው ሄዱ። እሱ ግን በጠዋት መጣ፣ ቀትር ላይ የድሬ ቆርቆሮ አያስረግጥማ፣ ወጥቶ አንድ በአንድ እያየ ፎቶ አነሳ ከዛ አራተኛ ፎቅ ያሉት ቤቶች ገብቶ ኮርኒሱን አስከፍቶ አየ። ኢጂኤው፣ ማለት የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ራሱ ደህና ነው አለን። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል ማታ ይሰበሰባል፣ ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል ከሚስማሩ ራስ ስር ያለው ጎሚኒም (የጎማ ማሸጊያው) በሙቀቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውሃው የሚገባው በዛ ነው። ሌላው ዲሽ ለመትከል ሰው ዝም ብሎ የበሳው ቀዳዳ ነው፣ አሸንዳውም በአቧራ ተደፍኖ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል።

እኔ በጣም የወደድኩለት የሥራውን ቅደም ተከተል ያወጣበትን ነው። መጀመሪያ ውሃው ይቁም፣ ቀጥሎ ልስኑ የረገፈበትና ፌሮው የዛገበት ቦታ ዝገቱ ተፍቆ ይሞላ፣ ቀለም ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ። አጠገባችን ያለው ብሎክ ከቀለም ጀምሮ ያ ሁሉ ብር በአንድ ክረምት ተላጠ። የሥራ ዝርዝሩንም ከነመጠኑ ስለሰጠን ለሁሉም ኮንትራክተር ያንኑ አደልን፣ ዋጋ ማወዳደር የቻልነው ያኔ ነው።

ምድር ላይ ያሉት ነዋሪዎች ጣሪያ እኛን አይመለከትም አንከፍልም ብለው ነበር። በኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995 ጣሪያው የጋራ ነው ብንልም ሰሚ አልነበረም፣ ኢንጂነሩ ስብሰባ ላይ መጥቶ ውሃው ግድግዳ ለግድግዳ ወርዶ እነሱ ቤት ኮለን (ምሰሶ) ስር እንደደረሰ በፎቶ ሲያሳያቸው አንዲት እናት "ታዲያ ልጄ ይሄ የኔም ቤት ነው እኮ" አሉ፣ ከዛ መዋጮው ገባ። አቦ ለዚህ ብቻ እንኳን ብከፍለው አይቆጨኝም።

ጉድለቱን ልናገር። ሪፖርቱ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ፣ አብዛኛው አባል ማንበብ አልቻለም። ለማኅበር የሚሠራ ሰው በአማርኛ ማጠቃለያ መስጠት ነበረበት። ግምቱ ላይም ለዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ ስላልያዘ የብረት ነገር ሲጨምር ተጨማሪ መዋጮ ጠየቅን፣ ይሄ ሰው ያስቀይማል።

ክረምቱ አለፈ፣ ላይ ያሉት ቤቶች ጠብታ አላዩም። የምትቀጥሩ ከሆነ ሐምሌን ብቻ አትቁጠሩ፣ ድሬ መጋቢትና ሚያዝያም ይዘንባል፣ ኅዳር ላይ ጥሩትና ሪፖርቱ የሚያልቅበትን ቀን ውሉ ላይ አስጽፉት።