የኪስ ካሜራ ይዤ ጀጎል ውስጥ፦ ከሪኮ ጂአር 3 ጋር ሁለት ሳምንት

ሐረር ውስጥ ሰርግ ነው የማነሳው። በተለይ የሴቶቹን ድግስ። ወንድ ፎቶ አንሺ የማይገባበት ቤት እኔ ስለምገባ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ለዚህ ሥራ የምይዘው ትልቁ ካሜራ ከነሌንሱና ከነፍላሹ ሁለት ኪሎ ያልፋል። እንጀራዬ ስለሆነ ክፉ አልናገረውም። ግን እሱን ይዤ ለራሴ ፎቶ ላንሳ ብዬ ጀጎል ውስጥ በወጣሁ ቁጥር የፈለግኩትን ሳላገኝ ነው የምመለሰው። ልጆቹ «ፎቶ! ፎቶ!» እያሉ ይከተሉኛል። ባለሱቁ ኮሌታውን ያስተካክላል። ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ፊቷን ታዞራለች። ያደግኩበት መንገድ ካሜራውን ሳወጣ ወዲያው ሌላ መንገድ ይሆንብኛል።

ስለዚህ ትንሽ ካሜራ ገዛሁ። ሪኮ ጂአር 3 ይባላል። ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ ነው ያመጣልኝ። ካሜራው ገበያ ላይ የዋለው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ዋጋው 900 ዶላር ገደማ ነበር። ከእኔ ኪስ የወጣው የአራት ሰርግ ገንዘብ ነው። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ይዤው ወጣሁ።

መጀመሪያ የሌለውን ልንገራችሁ። ዙም የለውም። ፍላሽ የለውም። ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት ቪውፋይንደር የለውም። ስክሪኑም አይታጠፍም። ያለው አንድ የማይነቀል ሌንስ ነው፤ በፊልም ካሜራ ልኬት 28 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ ብርሃን የሚያስገባበት ክፍተቱ ኤፍ 2.8። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ግን ቀላል አይደለም። 24 ሜጋፒክስል ነው፤ መጠኑም ብዙዎቻችን ለሰርግ በምንይዛቸው ካሜራዎች ውስጥ ያለው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው። ይህ ሁሉ ጂንስ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ልኩን በሜትር የነገሩኝ ሐጂ ናቸው።

መኪና ግርግርን ለማታውቁ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሐጂ እዚያ ከሚሰፉት አንዱ ናቸው። የእናቴን ቀሚሶች እሳቸው ናቸው የሰፉት። በመጀመሪያው ቀን ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ካሜራውን ሳገላብጥ አዩኝ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ካሜራ ነው፣ ሐጂ።»

«ትልቁስ የት ሄደ?»

«እሱ ለሰርግ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አድርገው ክብደቱን ገመቱ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር አውርደው ለኩት። ወርዱ 11 ሴንቲ ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ቁመቱ 6 ሴንቲ አለፍ ይላል። ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ትንሽ ይበልጣል። «ማስቀመጫ የለውም?» አሉኝ። አብሮት የመጣው የእጅ ማሰሪያ ብቻ ነው። «አቧራ ይገባበታል። እሰፋለታለሁ» አሉና ቁጥሮቹን ጠረጴዛቸው ላይ በጠመኔ ጻፉ።

አቧራውን ሳይነገራቸው አወቁት። ይህ ካሜራ አቧራና ውሃ እንዳይገባው ተደርጎ አልታሸገም። ሌንሱ ሲበራ ይወጣል፣ ሲጠፋ ይገባል። ስለማይነቀል ደግሞ ውስጡን እንደ ሰርግ ካሜራችን ከፍተን በአየር ማጽዳት አንችልም። እኛ አገር ይህን የሚገዛ ሰው ከካሜራው እኩል ስለ ማስቀመጫው ማሰብ አለበት። ክብደቱ ባትሪና ካርድ ጨምሮ 257 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ቡና በሉት።

በጣም የወደድኩት ስናፕ ፎከስ የሚሉትን ነው። ሌላው ካሜራ ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ ፎከስ ይፈልጋል፣ ከዚያ ያነሳል። እሱ እስኪፈልግ ሰውየው አልፏል። እዚህ ግን ርቀቱን አስቀድማችሁ ትሰጡታላችሁ። 1 ሜትር፣ 1.5፣ 2፣ 2.5 እያለ ይቀጥላል። እኔ 2 ሜትር ላይ አደረግኩት፣ ክፍተቱን ደግሞ አጥብቤ ኤፍ 8 ላይ። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ከ1 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁልፉን በአንድ ጊዜ እስከ ታች መጫን ብቻ ነው። ሳይፈልግ ያነሳል።

ሁለት ሜትር ደግሞ የጀጎል ልክ ነው። የውስጥ መንገዶቻችን ጠባብ ናቸው። አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ማዞር አለበት። እዚያ ውስጥ የሰርጉ ረጅም ሌንስ ግድግዳ ነው የሚያየው። በ28 ሚሊ ሜትር ግን የሴትየዋ ነጠላም፣ የተሸከመችው ሰፌድም፣ ከኋላዋ ያለው አረንጓዴ ግድግዳም፣ ከላይ ያለችው ቀጭን ሰማይም አንድ ላይ ይገባሉ። ሰው ፊት ብቻ ከፈለግኩ ግን የምጠጋው እኔው ነኝ። ወደ 35 እና 50 ሚሊ ሜትር የሚቆርጥበት አማራጭ አለው፣ ግን ምስሉ ወደ 15 ከዚያም ወደ 7 ሜጋፒክስል ይወርዳል። ሞክሬው ተውኩት። ሁለት እርምጃ መራመድ ይሻላል።

ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። መዝጊያው ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው። ጩኸቱን ከሜኑ ካጠፋችሁት ጆሮ ላይ ብታስጠጉት እንኳ የምትሰሙት ጠብ የሚል ነገር ብቻ ነው። መኪና ግርግር ላይ ደግሞ ያ ሁሉ የስፌት መኪና እየጮኸ ማን ይሰማዋል?

ይህ ነገር አስደስቶኝ ነበር። በኋላ ደግሞ አሳሰበኝ። የመጀመሪያው ቀን ዘጠና ያህል አነሳሁ። አንድም ሰው አላወቀም። ማታ ቤት ሆኜ ሳይ አንዷ ፎቶ ላይ ቆምኩ። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወርዶ ፀጉሯን በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች፣ በሌላው ሻሹን ታነሳለች። ከጎን የገባው ብርሃን አንገቷ ላይ አርፏል። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ዓይነት ፎቶ ነው። አጠፋሁት። ሰው ቤቱን የሚከፍትልኝ፣ ሴቶቹ ተገላልጠው ሲጨፍሩ እኔን መሐላቸው የሚያቆሙኝ፣ ያልፈቀዱትን ፎቶ እንደማላወጣ ስለሚያውቁ ነው። ያቺ ሴት ደጃፏ ላይ ሳለች ያው ቤቷ ውስጥ ናት። አላየችኝም ማለት ፈቅዳለች ማለት አይደለም።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አካሄዴን ቀየርኩ። ካሜራው ድምፅ ስለሌለው ድምፁ እኔ ነኝ። ወይ አስቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ ወይ አንስቼ ወዲያው አሳያለሁ። በኤረር በር እንጨት ተሸክመው ለሚገቡት ሴቶች «አካም ቡልተን» ስላቸው ግማሾቹ እየሳቁ ይመልሱልኛል። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ «አንሺኝ እስቲ» አለችኝ፤ ሌላዋ በእጇ እንቢ አለች። ለእንቢታዋ ካሜራው ኪስ ውስጥ ሲገባ ማየቷ በቂ ነው። ትልቁን ካሜራ ይዤ ቢሆን የት እደብቀዋለሁ?

ሐጂንም ያነሳሁት እንደዚሁ ነው። ጥቁር ሱፍ እየሰፉ ነበር። የግራ አውራ ጣታቸው ጨርቁን መርፌው ሥር ድረስ ይገፋዋል፤ ጥፍሩ ላይ የጠመኔ ነጭ አለ። መርፌው ከጣታቸው ግማሽ ሴንቲ አይርቅም። እሳቸው ግን ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፣ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አነሳሁና «ተነስቷል፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«መቼ?»

ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «እጄን ብቻ ነው ያነሳሽው። ፊቴስ?»

ተጠግቼ ፊታቸውን አነሳሁ። ስህተት ነበር። በዚህ ሌንስ ግማሽ ሜትር ድረስ ከተጠጋችሁ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ደገምኩት። ያኔ ራሳቸውን መሰሉ።

ስለ መልካችን አንድ ነገር። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ስታነሱ ካሜራው ነጩን አይቶ ያጨልመዋል። ፊት ከሰል ይሆናል። ይህ የሁሉም ካሜራ ጠባይ ነው። እዚህ ግን ከጀርባው በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ማንሻ አለች። በእሷ ብርሃኑን በቅጽበት ከፍ አደርጋለሁ። ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ሙሉ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ፣ ከፍ ስል የቆዳችን ቡናማ ይመለሳል። ስድስት ሰዓት ላይ ግን መንገዱ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ሲሆን ለሁለቱም የሚሆን ልክ የለም። ያኔ ለፀሐዩ አነሳና ጥላውን ሮው ከሚባለው ካልተቀነባበረው ጥሬ ፋይል ኮምፒውተር ላይ አወጣዋለሁ። ብዙ ነገር ይወጣል። ፖዚቲቭ ፊልም የሚሉት ቀለም ደግሞ ሐምራዊና አረንጓዴ ግድግዳዎቻችንን ከእውነታቸው በላይ ያደምቃቸዋል። ሰው ይወደዋል። እኔ የማውቃቸው ግድግዳዎች ስለሆኑ ወደ ስታንዳርዱ መለስኩት።

ሥጋ ተራ ላይ አሞሮቹን ልሞክር ብዬ ነበር። ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቁትን። አይሆንም። በ28 ሚሊ ሜትር አሞራው ዝንብ ያክላል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በፎከስ መከተልም የዚህ ካሜራ ሥራ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ድሬዳዋ ወረድኩ። ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,900 ሜትር አካባቢ ወደ 1,200 ይወርዳል። ሙቀቱም ፀሐዩም ሌላ ነው። ከፊራ ገበያ ላይ በቀትር ስክሪኑ ላይ የማየው የራሴን ሻሽ ነበር። ቪውፋይንደር የሌለው ካሜራ ስክሪኑ ካልታየ ምን ይቀረዋል? ሁለት ሜትሩን አምኜ ደረቴ ላይ ይዤው እየሄድኩ አነሳሁ። ከስድስቱ አንዱ ጥሩ ወጣ። ከቅርጫት ሻጮቹ አንዷ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላ ጠርታኝ ሳሳያት ቅርጫቱን ከቅርብ እንዳነሳላት ፈለገች። በማክሮ እስከ 6 ሴንቲ ይጠጋል። የስንደዶው ክር አንድ በአንድ ታየ። እሷም ስልኳ ላይ ላኪልኝ አለች፤ በዋይፋይ ወደ ስልኬ፣ ከስልኬ ወደ እሷ ላክሁላት። ከዋይፋዩ ጋር መገናኘት ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ይሠራል።

ማታ ፈረስ መጋላ ላይ ፈራሁት፤ ፍላሽ የለውማ። ግን የሱቆቹ አምፖል በቃው። ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ አይኤስኦ የሚሉትን፣ 3200 ላይ አደረግኩት፤ ክፍተቱን ኤፍ 2.8። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረግብ ነገር ውስጡ ስላለው ግድግዳውና የቆመችው አሮጌ ፔጆ 404 ጥርት ብለው ወጡ። የሚራመደው ሰው ግን ይደበዝዛል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ባትሪው ትንሽ ነው። አምራቹ ራሱ በአንድ ቻርጅ 200 ፎቶ ገደማ ነው የሚለው። ሰርግ ለለመደ ሰው ይህ ሻይ ቡና ሳይባል የሚያልቅ ነው። ደግነቱ በታይፕ-ሲ ገመድ ከፓወር ባንክ ይሞላል። ሁለተኛ ባትሪ ግን የግድ ነው፤ እኔም አዝዣለሁ። ውስጡ 2 ጊጋ ሚሞሪ አለው። አንድ ጠዋት ካርዴን ኮምፒውተሩ ላይ ረስቼ ወጥቼ እሱ ነው ያዳነኝ።

ሰርግ ለመሥራት የምትገዙት ከሆነ ተዉት። ገንዘባችሁን ለሌንስ አድርጉት። እንደ እኔ ሌላ ካሜራ ኖሯችሁ፣ የሰፈራችሁን መንገድ ማንሳት ለዓመታት ሲያምራችሁ ከቆየ፣ ግዙት። ሁለት ሳምንት ውስጥ ያነሳሁት የጀጎል ፎቶ ካለፉት አምስት ዓመታት ይበልጣል።

ባለፈው ሐሙስ የሐጂን ፎቶዎች አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ማስቀመጫው ተሰፍቶ ጠበቀኝ። ውጪው ከዚያው ጥቁር ሱፍ ቅራጭ፣ ውስጡ ሰማያዊ ሳቲን፣ አፉ ላይ ድርብ እጥፋት አለው፣ አቧራ እንዳያስገባ። ካሜራው ገብቶ አይወዛወዝም። ሒሳቡን ስጠይቃቸው ዝም ብለው ፎቶዎቹን ማየት ጀመሩ። የእጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። የፊታቸው ላይ ሲደርሱ ጠርዙን በጣታቸው ነኩ።

«መኪናዬ እኮ ተቆርጣለች» አሉኝ። «አርባ ዓመት አብራኝ የሠራች ናት። ነገ ከአስር ሰዓት በኋላ ነይ፤ ያኔ ፀሐይዋ እስከዚህ ትገባለች።»